የግራ በር

ሦስት በረዶ አለፈው ጋራዤ እንደቆመ፣
የዛገ ብሎን ስፈታ እጄ እየደከመ።
ሞተሩን አስነሣሁ፣ ፍሬኑንም ሠራሁ፣
ካርቡራተሩንም በጥርስ ብሩሽ አጠራሁ።
ፋርጎ ነው፣ ሃምሳ አራት። ቀኝ በሩ ደኅና ነው፤
ግራ የገባኝ ግራው ነው፣ ዝገት የጨረሰው።

ጎረቤቴ ዳሪል በአጥሩ ብቅ ብሎ፣
"ለቆራሌው ስጠው፣ ይመዝነው በኪሎ።"

ሬጃይና ደወልኩ፤ "የለም።" ካልጋሪም "የለም።"
"የዶጅ ይሆንሃል፣ ግድ የለም፣ ግድ የለም"
ብሎ አንዱ ላከልኝ። ለካ ሃምሳ ሦስት ኖሮ፣
ሁለት ጣት አጠረኝ፤ ተመለሰ ዞሮ።

ኦረስት የሚሉት፣ ስዊፍት ከረንት ያለ፣
ስንዴ አብቃይ ሽማግሌ "ና እስኪ፣ እይ" አለ።
ሄድኩ።
ከማሳው ጥግ ወስዶ፣ ሣሩን ገለጥ አርጎ፣
አሳየኝ አንድ ፋርጎ።

ዓመቱ የኔው ነው። ቀለሙም አንድ ነው።
ግራ በሩ ሙሉ፣ ጭረት ያልነካው።
ቀኙ ግን ባዶ ነው፤ በበሩ ፈንታ
ጆንያ ይውለበለባል፣ ንፋስ ሲመታው አፍታ ባፍታ።

"ስንት ትለዋለህ ግራውን?" አልኩና
ኪሴን ስዳብስ ሳቀ፦ "ኧረ ቀስ በልና፣
እኔም የጠራሁህ ያንተን ቀኝ ብዬ ነው፤
አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ይኸው ስፈልገው።"

መለዋወጫ ይሉታል፤
ጎዶሎን በጎዶሎ ምን እንለዋወጥ?
ሁለት ገዢ ብቻ፣ አንድም የማይሸጥ።

ከጭነቱ ጠርዝ ተቀምጠን ዝም አልን። መሸ።
ከመሣሪያ ሳጥኑ ግማሽ ኢንች ቁልፍ አቀበለኝ፤
የቱን በር እንደምፈታ ግን አልነገረኝ።