ከእግሯ ሥር

ሙህዬ ፎቁን ሲያስገነባ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ፣
የእኔ ጓሮ ከረፋዱ ጀመረ ጥላ ሊለብስ።
ቲማቲሜ ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጥኖ ተሳበ፣
ጽጌረዳዬም አመድ መስላ፣ ቅጠሏ ተሸበሸበ።
ቀበሌ ብሄድ "ፈቃድ አለው" ብለው ማኅተሙን አሳዩኝ፣
ሽማግሌ ብልክም፣ እሱ ዘንድ ምሳ በልተው "ቻለው" አሉኝ።
ሠላሳ ዓመት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ በአምፖል ሥር ድር ስቆጥር፣
ለጡረታዬ የቀጠርኋት ፀሐይን ብቻ ነበር።
ሁለት ክረምት አለፈን፣ ሰላምታም ሳንለዋወጥ፤
በር ላይ ስንገጣጠም፣ ቁልፍ እንደጠፋው ሰው ኪሳችንን ስንገለብጥ።

ተማም ነው ያመጣት፣ የአይሱዙው ሾፌር፣ ከቦንጋ ሲመለስ፣
በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ጭቃዋ ገና ሲያለቅስ፤
ጣት የምታህል ሥር፣ አንድ ቀይ ቡቃያ ያላት።
"ኮረሪማ ናት" አለኝ። ሳቅሁ። እኔ የማውቃት
ደርቃ፣ በክር ተሰክታ፣ ገበያ ላይ ተንጠልጥላ፣
ወይ ሙቀጫ ውስጥ ነው፤ መች አየኋት በቅላ!
"ፀሐይ አታሳያት" አለ፣ መሪውን እንደያዘ፣
"በፀሐይ ታፍራለች፤ በጥላ ግን ታፈራለች።"
ሞተሩን አስነስቶ ተጓዘ።

ጥልቅ አልቆፈርሁም፤ ስንዝር እንኳ አይሞላ፣
ከዋርካው ሥር የበሰበሰ ቅጠል ከታች፣ ከላይም ሌላ።
ፍግ ከሆነ የከረመ፤ ትኩሱ ሥር ይፈጃል፤
መኮትኮቻም አላስነካኋት፣ ሥሯ ላይ ላዩን ይሄዳል፣ ለአረሙ እጅ ይበጃል።
ቦርከና በግንቦት ሲከሳ፣ ማለዳ ሁለት ጣሳ፣
ማታ አንድ። ጦይባ የሳሙና እጣቢ ብትደፋባት፣ ሳምንት ተኛች እንደ ሬሳ።
ታኅሣሥ ከሀረጎ የወረደ ቁር ጠርዟን ሲያነድደው፣
ጋቢዬን ደረብሁላት፤
ሰው ሰምቶ ይስቃል፣ ልተወው።

አንደኛው ዓመት፣ ሁለት ቅጠል። ሁለተኛው፣ እስከ ወገቤ።
ሦስተኛው፣ ምንም። ነቅዬ ልጥላት ነበር ሐሳቤ፤
ቅጠሏን በጣቴ ሳሸው፣ ያ ሽታዋ እጄን ያዘኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ፦
የፎቁ ጥላ፣ ያ ባለጋራዬ፣
ልክ በአራት ሰዓት ይደርሳል፤ ሲዘገይ የምቆጣው እኔው ነኝ፣ ቆሜ ከጓሮዬ።
"ሙህዬ ሊሸጥ ነው" ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ ሰሞኑን፤
ገዥው ቢያፈርሰውስ? ማን ሊመልስልኝ ነው ጥላዬን?

አራተኛው ዓመት፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ጠዋት፣
እንደ ልማዴ ጫፍ ጫፏን ባይ፣ ምንም የላት።
የወደቀ ጭራሮ ላነሣ ጎንበስ ብል፣ ከብስባሹ መሀል፣ ከእግሯ ሥር፣
አንዲት አበባ፣ ከመሬት ተጣብቃ፣ ለአፈሩ ምሥጢር የምትናገር፤
ነጣ ያለች ሐምራዊ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ።
ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ጉልበት ነው ለካ መመልከቻ።

ከሰገነቱ፣ እንደቆመ ከቀረው ብረት አጠገብ፣ ሙህዬ ነበር ያየኝ።
"ምን ጠፋብህ?" አለ።
ከስድስት ዓመት በኋላ ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ።
ኪሱን አልዳሰሰም። እኔም።
"ውረድ" አልሁት። "ከላይ አይታይም።"