የቤተሰብ ብዛት

መዝገብ ይዞ መጣ፣ ከባሕር ዳር ልጁ፤
አያ ልየው ታንኳ፣ ይጠፍራል በእጁ።
«ቤተሰብዎ ስንት?»
          «ቆይ፣ ልቁጠር» አለና፦
«ጉማሬው ሌት ወጥቶ፣ ሣሩን ይግጥና
ንጋት ላይ ፋንድያው፣ ይወርዳል ለጣና፤
ፋንድያው ለትሉ፣
ትሉ ለቀረሶ፣ ቀረሶ ለሻላ፣
ሻላው የሳታትን፣ ማታ እኔ ልበላ።
ደንገሉን የማጭደው፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤
የዓሣ ጫጩት ሁሉ፣ መሐሉ እልፍኙ ነው።
ይቺ ታንኳም ብትሆን፣ ክረምት ሲያበሰብሳት
ጭቃ ትሆናለች፣ ደንገል ሊበቅልባት።»

«እና… ስንት ልበል?»

ልየው ገመድ ነክሶ፣ ዝም ብሎ አየው።
ቅጹ ጠባብ ነበር።
          «አንድ» ብሎ ሞላው።
ጭቃውን አቋርጦ፣ ወደ መንገድ ሄደ፣
በጫማው ሥር የስንት ቤት
ጣራ እየተናደ።