የስብራት ፊት

ባሕር ዳር፣ ምድር ቤት፣ መስኮት የለው ክፍሉ፤
ፓምፑ አየር ይምጋል፣ መርፌዎች ይወርዳሉ፣
ባዶ እስኪሆን ድረስ የመሣሪያው ሆድ።
ያለ ብርሃን ነው እዚህ የሚታየው ጉድ፦
የኤሌክትሮን ዘንግ ገላን እየዳበሰ፣
የነካውን ይዞ፣ መልኩ ተመለሰ።

ወደዚህ የሚገባ ይሞታል፣ ይደርቃል፣
ከጭስ የሳሳ የወርቅ ቀሚስ ይለብሳል።
ዘበኛችን ምናለ፣ ዲማ ቅኔ ቆጥሮ፣ ትቶት የመጣው፣
«እዚህስ ወርቁ ላይ፣ ሰሙ ታች ነው» አለኝ አንድ ቀን ባሳየው።

ጠዋት ነቀዝ ነበር፣ ከዳንግላ ጎተራ መጥቶ በብልቃጥ የታሰረ፤
አፍንጫው እንደ ማረሻ ወደ ታች የዞረ፣
ጀርባው ጉድጓድ በጉድጓድ የተቆፈረ።
ከዚያ ጤፍ፤ አንዲት ፍሬ፣ ስክሪኑን ሞልታ፣
እንደ ጮቄ ተራራ ሸንተረሯን ዘርግታ።
ያመጣት ተማሪ «ይቺማ አገር ናት» አለ፤ እኔ ዝም አልኩ፣
ትኩረቱን አስተካከልኩ።

ከሰዓት ተራው የኔ ነው። ዓርብ ነው፤ ሁሉም ሄዷል።
ከቦርሳዬ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አንድ ነገር ቆይቷል፦
የማረሻ ጫፍ። አባቴ ቀጥቅጦ የሳለው፣
ቢቸና ላይ፣ በአንሙት እርሻ፣ በትልሙ መሐል ለሁለት የሄደው።
ብረት ወርቅ አይፈልግም፤ በአልኮል አጠብኩት፣
እርቃኑን አስገባሁት።

አንሙት ገበያ መሐል አባቴን ምን አለው?
«ብረቱ ምን አረገ! ዓይንህ ነው የበላው።»
ሰው ሰማ፤ ሰው ዝም አለ። ዝም ያለው ይብሳል።
ከአያቴ ጀምሮ ቤታችን ይህን ቃል እንደ አሞሌ ይልሳል።
በዓይኑ የሚታማ ሰው ለልጁ «ዓይናዲስ» ብሎ ስም ያወጣል?
ወይ ድፍረት ነው፣ ወይ ቀልድ። ስጠይቀው ወናፉን ይጫናል።

አጎላሁት። መቶ። አምስት መቶ። ሁለት ሺህ።
የስብራቱ ፊት ከግራጫው ጉም ቀስ እያለ መጣ፣
መስመር ከመስመር ኋላ፣ ውኃው ሲሸሽ ጣና ዳር ላይ እንደሚወጣ።
እያንዳንዱ መስመር አንድ ሸክም፣ አንድ ጉድባ፣ አንድ ፍሬን ነው።
ማረሻ ሳይሆን በፊት ባሌስትራ ነበረ፣
በአይሱዙ ሆድ ሥር፣ ከእህል ጆንያ በታች፣ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ሲወጣ የኖረ፣
ማንም ሳያየው፣ በየኩርባው፣ ፀጉር በፀጉር የተሰነጠረ።
በውስጡ የእሳት ቅርፊት አለ፦ አባቴ ከሰል ላይ ሲያኖረው፣ ቁስሉ ቀድሞ የነበረ።

ዓይኑ አልበላውም።
ዓይኑ አላየውም።

ግን እዚያው ጥግ ላይ፣ ያላወቀ ሰው የሚያልፈው፣
አንድ እጥፋት አለ፤ መዶሻ ያጠፈው፣
ብረት በብረት ላይ ተኝቶ ያልተዋሐደው።
ይሄ የእጁ ነው። የችኮላ ነው።
ምናልባት የቤት ኪራይ አጥሮኝ የደወልኩ ቀን ነው።

መብራት ሄደ። ፓምፑ አቃሰተ፤ ዝም አለ።
ምስሉን መያዜን እንጃ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ።

ነገ ገበያ ነው። ለአንሙት ስለ ባሌስትራው እነግረዋለሁ፣ ሰው ባለበት፣ ጮክ ብዬ።
እጥፋቱን ለአባቴ፤ ከመሸ፣ መዶሻው ካረፈ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ።
ወይም አልነግረውም።
እስከዚያ ብረቱ እዚያ ባዶው ውስጥ ይደር፤
አየርም፣ ወሬም የማይገባበት አገር።