የሰው ከንፈር

ፊቱን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ነው የማታውቁት።
ከግራ ሦስተኛው ዳኛ፣ በችሎት ያያችሁት፣
መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ ምንም ሳይል የተነሣ፤
በሌላው ድራማ ደግሞ፣ ሦስት ክፍል ሙሉ ሬሳ።
ዘበኛም ሆኖ ያውቃል፣ በር ላይ ዝናብ የበላው፤
የቀበሌ ጸሐፊም፣ «ማህተም ጎድሏል፣ ነገ ነይ» የሚለው።

ስሙ ሲያልፍ በመጨረሻ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ፣
ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ፣ ሌላ ጣቢያ የሚሄድ አልፎ።
ይበልጣል ነው፤ ይበልጣል ዋሴ። «ከማን?» እያሉ ያሾፉበታል፤
እሱም «ከሬሳው» ብሎ፣ ቀድሟቸው ይስቅበታል።

ድምፁ ግን ሌላ ነው። እኔ ነበርኩ የምቀዳው፣
ከጋራዡ ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በእንቁላል ካርቶን በተለበደው፤
ብርድ ልብስ በሩ ላይ ሰቅለን፣ ማራገቢያውን አጥፍተን፣
በባሕር ዳር የግንቦት ሙቀት፣ በከነቴራ፣ በላብ ተጠምቀን፣
ባጃጁ እስኪያልፍ ጠብቀን፣
ስንት የቱርክ ባለጸጋ በአማርኛ አናገርን!

ከንፈሩ ሲከፈት ከፍቶ፣ ሲዘጋ አብሮ ዘግቶ፣
«ልጄን የምታገባው በሬሳዬ ላይ ነው!» ይላል ተቆጥቶ።
ሰውየው ረጅም ተናግሮ፣ ትርጉሙ አጭር ሲሆን፣
በሳል ይሞላዋል፣ በ«እንግዲህ»፣ በ«እኮ»፣ በ«ይሁን»።
«ሥራው ይኸ ነው» ይለኛል፣ «የሰው ከንፈር መጠበቅ።
ሳይቀድሙ፣ ሳይዘገዩ፣ በሰው አፍ ውስጥ መደበቅ።»

ሳሙናም አስተዋውቋል፤ ማዳበሪያ፤ ሎተሪ፤
ለልጆችም ፊልም ጉማሬ፣ አሽሟጣጭ፣ ተከራካሪ።
አንድ ቅዳሜ ዓሣ ተራ፣ ቀረሶ ሊገዛ ጎንበስ ብሎ፣
«በስንት ነው፣ እናት ዓለም?» ቢላት፣ ቢላዋዋ ቀረ ተንጠልጥሎ።
«ውይ! የልጄ ጉማሬ!» አለች። ቀና ብላም አላየችው።
ሁለት ጨምራ ከላይ፣ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው።

በመስከረም ድምፁ ሻከረ። ጉንፋን ነው አልን፤ ዝንጅብል ጠጣ።
በኅዳር ደም የቀላቀለ ሳል ከጉሮሮው ወጣ።
በጥር ማንቁርቱን ቆረጡት።
ሐኪሙ ወጥቶ «የተቻለንን አድርገናል» ሲለኝ፣
ይበልጣል ራሱ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ይህንኑ ያለበት ክፍል ትዝ አለኝ፤
ኮሪደሩ ላይ ሣቅሁ።
ያሳፍራል። ግን ሣቅሁ።

እኅቱ ዘጌ ነች። ለፋሲካ ሰሞን ጀልባ ያዝን።
ሻላዎች ደረቅ ግንድ ላይ፤ ውኃው ደፍርሷል፤ ከኋላ ተቀመጥን።
ሞተሩ ሲነሣ፣ ከጣሪያው ማጉያ፣
ያ የጠገበ ድምፅ፣ ያ የቱርኩ ጌታ፣ ያ ጉማሬ፦

«ውድ መንገደኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።
የነፍስ አድን ጃኬታችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ።
ልጆቻችሁን ከጠርዙ አርቁ።
ጣና ሰፊ ነው፤ እኛም አንቸኩልም።»

የመጨረሻዋ በጽሑፉ የለችም፤ ከኪሱ የጨመራት ናት።
ቁረጣት ብለውኝ ነበር። አልቆረጥኋት።

ይበልጣል በአንገቱ ሻርፕ፣ የጃኬቱን ገመድ አጠበቀ፣
ራሱን ታዘዘ። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ።
ሲደገም፣ ከንፈሩ ተነሣ። «ውድ» ላይ ከፈተ፣ «መጣችሁ» ላይ ዘጋ፤
ከፊቱ የተቀመጠች ሕፃን አፉን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ግራ ተጋባች፣ ወደ እናቷ ተጠጋች።
«አንቸኩልም» ላይ ደርሶ፣ በግማሽ ፊደል ቀደመ።

ዞር አለ። ጣቱን አየር ላይ አሽከረከረ። የጓዳው ምልክታችን፦ «መልሰው፣ ከመጀመሪያው።»
እጄ ቁልፉን ፍለጋ ሄዶ፣ ያገኘው ጉልበቴን ነው።