ልክሳና ልካሰው

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስመዝን፣
በፖርቶ ገበያ፣ ከበረዶው ጋራ፣ ማለዳና ቀን፣
ሰርዲኑን፣ ጊንጡን ዓሣ፣ ኦክቶፐሱን ለክቼ፣
ራሴን አላውቅም ሚዛን ላይ አውጥቼ።

ታላቄ ቤልሚሮ ኩላሊቱ ከድቶት፣
በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን አስረው ደሙን ሲያጥቡለት፣
«አንዱን የኔን ስጡት» ብዬ ብሮጥ ሆስፒታል፣
ደሜ ልኩ ሆነ፤ ያስቸገረው ሥጋ፣ እሱ ግን ተርፏል።

ነርሷ ዙልሚራ መነጽሯን ጠርጋ፣
«አሥራ ስምንት ኪሎ ይውረድ» አለች፣ «ቢላው ሳይጠጋ።
ደግሞ ሳትቸኩይ፣ ግማሽ ኪሎ ላንድ ሳምንት ይበቃል፤
ተጣድፎ የሄደ ተጣድፎ ይመጣል።»
ዘጠኝ ወር መሆኑ ነው።
ልጅ ተረግዞ የሚወለድበት፣ እኔ የምጎድልበት።

ስለ ዳቦው ልንገር።
አባታችንን ባሕር የበላው ክረምት፣
ለሁለት ልጅ አንድ ዳቦ ነበር በቤት።
«ጠገብሁ» ይለኛል፣ ድርሻውን ሳይነካ፤
ሌሊት የሰማሁት፣ የሚያጉረመርመው፣
ድመት አልነበረም፣ ሆዱ ኖሯል ለካ።
እሱ ቀጥኖ ቀረ፣ እኔ ወፈርሁለት።
እና አሁን ልክሳ፣
ልክሳና ልካሰው፣ ያን ዳቦ በኩላሊት።

ነርሷን መች ሰማኋት! ሦስት ቀን ሙሉ ሎሚ በውሃ ዋልሁ፤
በአራተኛው ንጋት ከሰርዲኖች መሃል በረዶው ላይ ወደቅሁ።
«ይቺኛዋ ትኩስ ናት» አለ ሲያነሣኝ ኦታቪዮ፣
«ስንት ናት በኪሎ?»
ገበያው ሳቀብኝ። ሳቅሁ እኔም፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ከዚያ ወዲህ ዝግታ።
ቁርሴን ሳላስቀር፣ እራቴን ሳልጠላ፣
አንድ ጭልፋ ጎመን፣ ሁለት ሰርዲን ጥብስ፣ ግማሽ ሳህን ባቄላ፤
ዳቦም አለ፣ ቁራሽ፤ ወይን ለእሑድ ቀረ።
ከወንዙ እስከ ቤቴ መቶ ሰማኒያ ስድስት ደረጃ ነበረ፤
አርባው ላይ ቁጭ ብዬ፣
ስድሳው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጉልበቴን አባብዬ፣
እየቆጠርሁ ወጣሁ። በጥር ሳላርፍ ደረስሁ።
ለገና ሁለት ኪሎ ተመልሶ መጥቶ ነበር፣ ሻንጣውን ይዞ፤
«ራስሽን አትስደቢ» አለች ዙልሚራ፣ «ሰኞ ነይ፣ ያው ነው።»

አሥራ አምስተኛው ኪሎ የወረደ ለታ
ስልክ ጮኸ ማታ።
ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው ሞተና
ኩላሊቱ ልክ ሆነ፤ ቤልሚሮ ዳነና
እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ።
ያለቀስሁት ከደስታ ነው። ግን ከደስታው ሥር፣
እንደ ዓሣ እሾህ ቀጥና የተሰካች ነገር፤
ሦስት ኪሎ ነበር፣ ሦስት ብቻ የቀረኝ፣
የዳቦውን ዕዳ ሌላ ሰው ቀደመኝ።

ያን ሳምንት በላሁ። አልዋሽም።
ቆሜ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የእንቁላል ኬክ ከካርቶኑ።
«ለማን ብዬ?» አልሁ። ሚዛኑም፣ ግድግዳውም መልስ አልነበራቸው።

በነሐሴ ቤልሚሮ በከዘራ መጣ።
«ተራመድ ብለውኛል፣ ብቻዬን እፈራለሁ» አለ።
አርባው ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ አልሁ አጠገቡ።
የትኛው ድንጋይ እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው እንደሚሞቅ፣
በእግሬ አውቀው የለ፣ አሳየሁት።

ይኸው አራት ዓመት። ገበያው ሲዘጋ፣ ሰኞ፣
በረዶው ተጠርጎ፣ ዓሣው ተሸጦ ሲያልቅ፣ ትልቁ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤
አንድ ኪሎ ይመጣል፣ አንድ ኪሎ ይሄዳል፣
እኔና እሱ ለምደናል።
ማንም አያጨበጭብ። መቅለል ግብዣ አለው፣ ቀሎ መኖር የለው።

ትናንት፣ አርባው ላይ፣ ከኪሱ ዳቦ አወጣ፤
ገመሰና ሰጠኝ፣ ትልቁን፣ እንደ ድሮው።
ቁራሽ ቆረስሁለትና የቀረውን መለስሁ።
«ጠገብሁ» አልሁት።
ጠርጥሮ አየኝ። ጆሮውን ወደ ሆዴ አዘነበለ፣ ሌባው ሽማግሌ፤
አዳመጠ፣ አዳመጠ።
ድመት የለም።