የደም ትርፍ

ሠራተኛ ሠፈር አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ፣
ሹሩባ ስሠራ፣ ካስክ ሳግል የምታመሸኝ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ይዤ
ስፈታ ስጎነጉን፣ እግሬ ላይ ደንዝዤ።

ባለፈው ክረምት ነው። የራሴን ሳበጥር
በሚዶዬ ጥርሶች የቀረው ሲበዛ፣
ከደንበኛ ፀጉር ደባልቄ ጠረግሁት እንደ ዋዛ።
ወሬ ግን አይጠረግ።

ደንበኛው ሁሉ ሐኪም፣ ሁሉ መድኃኒተኛ፤
“የቁርቁራ ቅጠል ቀቅለሽ ታጠቢ” ትላለች አንደኛ፣
“ጉሎ ዘይት አሙቂ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምሪ፣
ሬት ተቀብተሽ እደሪ።”
ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ካስክ ሥር ተቀምጣ፣
“ዓይን ነው የበላሽ!” ትላለች ቆጣ ቆጣ።
ሁሉንም ቀባሁት። ትራሴ ዘይት ጠጣ፣
ፀጉሬ ግን ጥሎኝ ወጣ።

ሻሽ አሰርሁ። “ብርድ ነው” እያልሁ ከረምሁ።

ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ፤
ዶክተር ሊዩ የሚባል፣ እሱም ራሰ በራ።
(ሳቄ መጣ። ዋጥሁት።)
ግድግዳው መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ሥር፣
የደረቀ ልጣጭ፣ ቀይ ፍሬ፣ ጭራሮ፣ ዘር፤
ስማቸው እንግዳ፣ ሽታቸው ዘመዴ፣
ለአንድ አፍታ መሰለኝ ቅመም ተራ መሄዴ።

ሦስት ጣቱን ጫነ በእጄ አንጓ ላይ፣ ደም ሥር፣
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ እንደሚቆጥር
ሰው፣ የሰው ብር።
አስተርጓሚው ጉርሜሳ፣ ቤጂንግ የተማረ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ሲል ጀመረ፦
“ፀጉር የደም ትርፍ ነው ይላል ዶክተራችን፤
ደም ለሥጋ በቅቶ ሲተርፍ ነው ፀጉራችን።”

እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ትርፍን በዝና አውቃታለሁ፣
ኪራይ፣ ግብር፣ መብራት ከፍዬ ስጨርስ የት ገባች እላለሁ።

ደሞ ጣቱን ጫነ። ግንባሩ ተቋጠረ።
ጉርሜሳ ለመተርጎም ትንሽ አፈረ፤
“የፀጉር ሥሩ ኩላሊት ነው… ያንቺ ግን ደክሟል ይላል።”

“የትኛው?” አልሁት።
“አንዱ እዚሁ ነው፣ ከኔው ጋራ ያለ፣
ሁለተኛው ጉለሌ፣ ወንድሜ ሆድ ተተከለ።”

ምትኩ ይባላል። እናቴ ስሙን ስታወጣ
በሞተባት ልጅ ፋንታ ነው፤ ምን ታውቃለች የሚመጣ?
ምትኩ ራሱ ምትክ እንደሚያሻው፣ ከጎኔ እንደሚወጣ!
“ንቅለ ተከላ” ይላል የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ፤
የጎመን ችግኝ ነው የሚመስል፣ ላይ ላዩን ሲታይ።

ሰውየው ዝም አለ። መዝኖ ያስቀመጠውን ሥር፣
ሽበት ያጠቁራል የሚሉትን፣ በውድ የሚሸጠውን ነገር፣
መልሶ ከተተው፤ መሳቢያውን ገፋ፤
“አንድ ኩላሊት ላላት አልሰጥም” አለ፣ ሒሳቡን አጠፋ።
“ጥቁር ሰሊጥ ብዪ፣ በጊዜ ተኚ” ብሎ ሸኘኝ፣
ለሦስቱ ጣቶቹ እንኳ ብር ሳይቀበለኝ።

ማታ ምትኩ መጣ። ወንበሬ ላይ ወጣ።
የሚውጠው ኪኒን ያመጣው ነው ይሉኛል፣
ፀጉሩ ግንባሩን አልፎ፣ ጆሮው ላይ ሳይቀር በቅሎ ይታየኛል።
“እታለም፣ ከርክሚኝ” አለ።
መቀሴን አነሣሁ። በኔው ደም ተኮትኩቶ የበቀለ፤
ትርፌ ከሰው ራስ ላይ ነው፤ ማን ነው የለም ያለ?

መብራት ጠፋ። እንደ ልማዱ።
በጨለማው ሻሼን ፈታሁ፣ ሙቀቱ ሲከብደኝ።
ሲመለስ፣ መስተዋቱ ውስጥ ሁለታችን፤
እሱ ጫካ፣ እኔ ሜዳ። ሳቅ ሲገድለን
ባንድ ጊዜ ያዝን፣ እሱም እኔም፣ ጠባሳችንን።

“መላጣሽ ወይ፣ እታለም?” አለኝ፣ ቃሉን ቋጥሮ።
“መላስ አላጣሁም፤ ራሴ ነው የበራ፣ ዘንድሮ።”

ነገ ጥቁር ሰሊጥ ልግዛ፣ ግማሽ ኪሎ።
ሻሹን ግን በሩ ላይ ተውሁት፣ ተንጠልጥሎ።