መስኮቱ

ከሸዋ በር በላይ፣ ከሽንኩርት ተራው ጀርባ ናት
ቤታችን፤ አንድ በር ያላት፣ ጎንበስ ያላለ የማይገባባት።
መስኮት የሚባል አልነበራት።
ሰላሳ ደረሳ አንድ ላይ ሲቀራ ሲያድር፣
ለመንገደኛው የንብ ቀፎ ነበርን፣ የምንጮህ፣ ማራችንን የማንቸር።

እኔም ዘጠኝ ዓመት እዚያ ነው የከረምኩ፤
በጥላሸት ቀለም ሉሄን ጽፌ፣ አጥቤ፣ መልሼ የጻፍኩ፤
መቆሚያውን፣ መሳቢያውን፣ አንዷን ነጥብ ሳልስት የያዝኩ፣
"ምን ማለት ነው?" ብዬ ግን አንድ ቀን ያልጠየቅኩ።
"መጀመሪያ አፍህ ይራስ፤ ልብህ ይደርስበታል" ይሉኝ ነበር ሼህ ሙሄ።
አፌ ራሰ።
ልቤ ገና መንገድ ላይ ነበር፣
ሐረጎን እንደሚወጣ አሮጌ አይሱዙ።

ወንበሩ ለኔ ሲደርስ አናጢውን ኢብሬን ጠራሁ፤
"ይሄን ግድግዳ በገበያው በኩል ብሳልኝ" አልኩ።
ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልኩ። ሴቶቹን ልጆች ከፊት አስቀመጥኩ።
አንቀጹን በዐረብኛው አሰምቼ፣
ቀስ ብዬ በሰፈሩ አፍ፣ በአማርኛ ፈታሁ።

ሼሁ ሰሙ።
"የተበሳ ቤት የጦሳ ብርድ ይገባዋል፤
ዒልም ስንቅ ታዝሎ በእግር ይፈለጋል እንጂ
በመስኮት ይታደላል?"
ሁለት ወር በደጃችን አላለፉም።

ስለ ሚዛን ነበር ያን ቀን የፈታሁት፤ ስለምታጎድል እጅ።
ከመስኮቱ ስር ጦይባ አለች፣ ሽንኩርት ቸርቻሪ፤
ሆዱ የተቦረቦረ ድንጋይዋ
"ኪሎ ነኝ" ብሎ ሲምል ዓመታት የኖረ።
ጀርባዋን እንደሰጠችን ሻሿን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች።
ምንም አላለች።
በማግስቱ ድንጋዩ የለም።

ሼህ ሙሄ ሽንኩርት ገዙ። ዘንቢሉ ከበዳቸው።
"ተሳስተሻል ልጄ፣ አብዝተሽልኛል።"
"ዛሬስ ልክ ነው አባባ፤ የተሳሳትኩ እስከ ትናንት ነው።"
"ማን ነገረሽ?"
በአገጯ ወደ መስኮቱ።

ሐሙስ ለታ መጡ፤
ከሕፃናቱ ኋላ፣ ከምንጣፉ ጫፍ ተቀመጡ፣
ካፖርታቸውን እንደደረቡ፣ ብርዱን ሊመሰክሩ የመጡ ይመስል።
አላመሰገኑ፣ አልተቆጡ።
ልጆቹ ሲወጡ ብቻ ጠሩኝ፦
"ያቺን ቃፍ ከጉሮሮህ ስር አውጣት፤
ከምላስህ ላይ ነው የምትጥላት።
መስኮት ከከፈትክማ እንግዲህ
ሰው ይሰማሃል።"